ወፏ በርራለች

ባለፈው ጥር የአባቴን ቤት ሣር አፍርሰው ቆርቆሮ ሊያለብሱት ሲጀምሩ፣ ደጅ በርጩማ አውጥተውልኝ ተቀምጬ አይ ነበር። የቆጡን እንጨት ሲነቅሉት የዘመናት ጥቀርሻ እየተፈረፈረ በፀሐዩ ጨረር ውስጥ ወረደ። ሽታው አፍንጫዬ ደረሰ፤ የጭስ፣ ያረጀ ሣር፣ የከብት ትንፋሽ ሽታ። እጄ እኔ ሳላዘው ተነሥቶ አፌን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ሠራተኞቹ አቧራው ሊያስለኝ መስሏቸው ውሃ ይዘው ሮጡ። ሳል አልነበረም። ያን ቆጥ ቀና ብዬ ሳይ በዚህ ዕድሜዬም አፌን መያዝ ነው የሚቀናኝ። ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ስለማታውቂ፣ ልጄ፣ ዛሬ ልንገርሽ።

እዚያ ቆጥ ላይ አጎቴ ተደብቆ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ገና ልጅ ሳለ ዘመድ አዲስ አበባ ወስዶት፣ የፈረንጅ ትምህርት ቤት ገብቶ እንግሊዝኛ ተምሮ፣ በኋላ በአንድ የውጭ ነጋዴ መደብር ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ለመስቀል ሲመጣ ጫማው መንደሩን ሁሉ ያስወጣ ነበር። ጣሊያን ከገባ በኋላ ግን የመጣው በባዶ እግሩ ነው። ራሱን ተላጭቶ፣ የጨው ነጋዴዎች መሃል ገብቶ፣ እንደነሱ ቡትቶ ለብሶ በጠራራ ፀሐይ ግቢያችን ገባ። እኔ አላወቅሁትም። እናቴ ያወቀችው እግሩን አይታ ነው። ጫማ የለመደ እግር፣ ተላልጦ፣ እንደ ሕፃን እግር ቀልቶ።

«እህቴ፣ አዲስ አበባ ላይ ፊደል የቆጠረውን እየለቀሙ ነው። የፈረንጅ አፍ የሚያውቅማ ወሬውም አይገኝ» አላት።

እናቴ አላለቀሰችም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ብቻዋን የያዘች ሴት ነበረች። መሰላሉን ወደ ቆጡ አስጠጋች፤ ሲወጣ ከሥር ሆና፣ «ልጅቷ ከዛሬ ጀምሮ ምላስ የላትም። አንተም ሳል የለህም» አለችው።

ቤታችን ከቡታጅራ ገበያ አለፍ ብሎ፣ በእንሰት የተከበበ ነው። ጣሊያን ምሽጉን የሠራው ከገበያው በላይ ስለነበር፣ ነፋሱ ወደ እኛ ሲነፍስ ጥሩምባቸው ይሰማ ነበር። ያን ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር ወደ ቆጡ ቀና እላለሁ። ጎረቤት እሳት ልትጭር ስትመጣ፣ ቆጡ ላይ አንድ እንጨት ሲጥ ቢል ዕቃ አንኳኳለሁ። እናቴ በአንድ ገበታ ላይ የሦስት ሰው ቆጮ ስትቆርስ፣ «ሦስተኛው የማን ነው?» የሚል ሰው ያመጣብን ይሆን እያልኩ በሩን በሩን አያለሁ። ዶሮዎቻችን እንኳ ጠላት ሆኑብኝ። ማደሪያቸው ቆጡ ነበርና፣ ሰው ሲተኛበት ጊዜ አኩርፈው ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ እያዩ ይንጫጩ ነበር።

ከሁሉ የባሰው አውሮፕላኑ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔና እናቴ ጓሮ እንሰት ስንፍቅ፣ ከሰሜን በኩል እንደ ንብ መንጋ እየጮኸ መጥቶ በላያችን አለፈ። ጥላው የእንሰቱን ቅጠል አንድ በአንድ ሲያጠቁረው አየሁ። ወደ ዘቢዳር ተራራ ዞረ፤ ትንሽ ቆይቶ መሬቱ ከእግሬ በታች ተንቀጠቀጠ። እዚያ አርበኞች አሉ ይባል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ደጅ መውጣት እምቢ አልኩ። እናቴ ለምና ለምና ሲደክማት፣ «ተያት፣ እኔ ጋ ትሁን» አለ አጎቴ ከላይ።

እንዲህ ሆኖ ነው ትምህርቱ የተጀመረው። እኔ ከመሰላሉ ሥር ቁጭ ብዬ የበርበሬ ዛላ እቀነጥሳለሁ፤ እሱ ቆጡ ላይ በሆዱ ተኝቶ በእንጨቶቹ ክፍተት ቃል ያወርድልኛል። ድምፁ ከትንፋሽ አይበልጥም። ውሃ፣ እሳት፣ ላም፣ እናት። እኔም ያንኑ በትንፋሽ እመልስለታለሁ። ያወቅሁት እንግሊዝኛ ሁሉ የሹክሹክታ እንግሊዝኛ ነው፤ ጮክ ብሎ የሚነገር ቋንቋ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው።

አንድ ቀን «በርድ ወፍ ነው። ፍላይ መብረር ነው» አለኝ።

«መብረር የሚለውን አልፈልግም» አልኩት።

«ለምን?»

«የሚበረው ያ አውሮፕላን ነው።»

ጭሱ በመካከላችን ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ቆይቶ፣ «እንግሊዞች ስለ መብረር የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ እሱን ብነግርሽ አትጠዪውም» አለና፣ «ዘ በርድ ሃዝ ፍሎውን» አለ። «ወፏ በርራለች ማለት ነው።»

«ሞተች ማለት ነው?» አልኩ። ሕፃኑ ወንድሜ የሞተ ጊዜ እናቴ ለለቀስተኞቹ «በረረብኝ» ስትል ሰምቼ ነበር።

«የለም፣ የለም። ሰው ሊይዙ የሄዱ ሰዎች፣ ደርሰው ቤቱን ኦና ሲያገኙት የሚሉት ነው። አመለጠን ማለታቸው ነው።»

«ማን ነው የሚለው? ያመለጠው ነው?»

«ያመለጠው መቼ ጊዜ አለውና። የሚለው አሳዳጁ ነው፤ ደርሶ ያጣው።»

ከዚያ ቆጡ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደንግጬ ቀና ብል እየሳቀ ነው፤ ነጠላውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ። ትምህርት ቤት ሳሉ እሱና አንድ የሰሜን ሰው የሆነ ጓደኛው አጥር ዘለው ከተማ ሲሄዱ፣ ፈረንጁ ዳይሬክተር ፋኖስ ይዞ መጥቶ ባዶ አልጋቸውን እያየ የሚለው ይህንኑ ነበር አለኝ። ሌሎቹ ተማሪዎች ይነግሯቸዋል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ነገሩን መቀለጃ አደረጉት። ወጥ ሲያልቅ፣ ሳሙና ሲጠፋ፣ አንዱ ሌላውን ፈልጎ ሲያጣው፣ ሁልጊዜ «ወፏ በርራለች» ነው።

እናቴ ከምድጃው ዳር ሆና ሰምታን ኖሯል። «ለልጅ የማይሆን ነገር አታስይዛት። ቋንቋ እኮ ሳያስቡት ከአፍ ያመልጣል» አለችው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ተኝቼ በእንግሊዝኛ እቃዥ ይሆን፣ ገበያ መሃል አንዱ ቃል ዱብ ይልብኝ ይሆን እያልኩ፣ ሰው ፊት ከንፈሬን መንከስ ጀመርኩ።

ማን እንደጠቆመብን እስከ ዛሬ አላውቅም። ዕለቱ አርብ ነበር፤ ገበያተኛው ከመስቃን ቀበሌዎች ሁሉ ወደ ቡታጅራ ይጎርፋል። እናቴ በርበሬ እያመሰች ነበር። ውሻችን ጮኸ፤ ከዚያ አንዴ አልቅሶ ዝም አለ። በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ጣሊያናዊው መኮንን በበቅሎ፣ ጣሊያን ያስታጠቃቸው ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ በእግር፣ ከነሱ ጋር ደግሞ ነጭ ኮት የለበሰ ቀጭን ሐበሻ። አስካሪዎቹ በግራና በቀኝ ተበትነው ቤቱን ከበቡት።

እናቴ ደንግጣ ስትነሣ የበርበሬው ምጣድ ተገለበጠና ፍሙ ላይ ፈሰሰ። የመስቃን በርበሬ ፍም ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂዋለሽ። ጭሱ ቀይ ሆኖ ተነሣ። እኔና እናቴ ያን ጭስ በዓይናችን ተከተልነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ቆጡ ወጣ። እናቴ ፊት ላይ ያን ዕለት ያየሁትን ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

ነጭ ኮት የለበሰው ቀድሞ ገባ። አስተርጓሚው ነበር። «ሴትዮ፣ ወንድምሽ የታለ?» አለ በአማርኛ፤ አነጋገሩ የሰሜን ነው።

«አዲስ አበባ ነው፣ ጌታዬ። ከሄደ ወዲያ አላየሁትም» አለች እናቴ በተሰባበረ አማርኛዋ።

አስካሪዎቹ ተከትለው ገቡና እየሳሉ የከብቱን ጋጣ በሳንጃ ወጉት፣ እንስራውን ሰበሩት፣ የቆጮውን ጉድጓድ ክዳን ገልብጠው ውስጡን በሳንጃው በረበሩት። አንዱ እናቴን በሰደፍ ትከሻዋን ብሎ ከግድግዳው አጋጫት። መኮንኑ ደጅ ቆሞ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ይጮሃል። ከዚያ አንድ ረጅም አስካሪ መሰላሉን ያዘና እግሩን አሳረፈ።

በዚያች ቅጽበት ከላይ ሳል ተሰማ። የታፈነች፣ ግማሽ ሳል። እኔ እንደሰማሁት ሌላውም ሰምቷል ብዬ ደሜ ቆመ።

አስተርጓሚው ሳለ። እንዲያ ያለ ሳል ሰምቼ አላውቅም። ጎንበስ ብሎ፣ ምሰሶውን አቅፎ፣ አንጀቱ የሚወጣ እስኪመስል እየጮኸ ሳለ። እየሳለ መጥቶ የአስካሪውን ቀበቶ ይዞ ከመሰላሉ ጎተተው። «ውረድ፣ እዚህ ጭስ ውስጥ እንኳን ሰው ድመት አይቆይም። ልታስጨርሰን ነው?» አለው። አስካሪውም ከሳሉ መተንፈስ አቅቶት ኖሮ ወረደ።

አስተርጓሚው ወደ በሩ ሄዶ ለመኮንኑ በጣሊያንኛ አንድ ነገር አለው። መኮንኑ በጅራፉ ወደ እኔና ወደ እናቴ ጠቆመ። አስተርጓሚው ተመልሶ ፊታችን ቆመ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያቆመ፣ ቤቱ እስኪሞላ ድረስ፣ «ዘ በርድ ሃዝ ፍሎውን» አለ።

ያ በሹክሹክታ የማውቀው ቃል በዚያ ሁሉ ድምፅ ሲነገር መሬት የከዳኝ መሰለኝ። ደግሞ ደገመው።

«ምንድን ነው የምትለው?» አለው ረጅሙ አስካሪ።

«እንግሊዝኛ ነው። ሰውዬው እዚህ ከርሞ ከሆነ አስተምሯቸው እንደሆን ላይ ነው» አለና የእናቴን ዓይን ትክ ብሎ አየ። እናቴ አልገባትም፤ የማይገባው ሰው ፊት ነበራት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

እኔ ገብቶኛል። ፊቴም ይህንኑ እየተናገረ እንደሆነ ይሰማኛል። ዓይኔን የምጥልበት ቦታ አጣሁ። ጣቶቼ በበርበሬ ፍሬ ቀልተው ነበር። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ሁለት ዓይኖቼን በሁለት እጄ ክፉኛ አሸሁ። እሳት ነበር። ጩኸቴን ለቀቅሁት፤ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። የሚያለቅስ ልጅ ፊት ላይ እንባ እንጂ ሌላ ምን ይነበባል? ግን ዓይኔን ከማሸቴ በፊት አይቶኛል። የገባኝ መሆኑን ያ ሰው አውቋል። ያወቀውንም ይዞት ወጣ።

በጣሊያንኛ ሲነጋገሩ፣ በቅሎዋ ስታናፋ፣ ፍየላችን እየተጎተተች ስትጮህ ሰማሁ። ከዚያ የሩቅ የገበያ ጫጫታ ብቻ ቀረ።

አጎቴ ሲወርድ ፊቱ አባብጦ አይታወቅም። የነከሰው ነጠላ በደም ርሷል። መሰላሉ ሥር ቁጭ አለ።

«ልዘል ነበር» አለ። «ከኋላ በኩል ሣሩን ገፍቼ አንድ እግሬን አውጥቼ ነበር።»

«ከኋላ አስካሪ ቆሞ ነበር፤ በግድግዳው ስንጥቅ አየሁት። ጠመንጃውን ወደ ጣራው ደግኖ» አለች እናቴ እያጠበችኝ።

«ድምፁን ሰማሁ። እሱ ነው። ያ አጥር አብሮኝ የሚዘለው።» አለ።

«ምን ብሎህ ነው?» አለችው።

እሱ ከመመለሱ በፊት፣ ዓይኔ እንደተጨፈነ፣ «አመለጠን ነው ያለው» አልኩ እኔ። «የሚለው አሳዳጁ ነው።»

እናቴ ማጠቧን አቆመች። አጎቴም ቀስ ብሎ አስረዳት። ሩጥ ሊለው ቢፈልግ የሚልበት ሌላ ቃል ነበረው። ወፏ በርራለች ካለ ግን «ለነሱ የለም ብያለሁ፤ ካለህበት እንዳትነቃነቅ» ማለቱ ነው። ቃሉን ለሚያውቅ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። የማያውቅ ሰው ግን መብረር የሚለውን ብቻ ሰምቶ ይዘል ነበር፤ ዘሎም ከጥይቱ ጋር ይገናኝ ነበር።

ያን ዕለት ገበያው ሲበተን፣ አጎቴ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ተሸክሞ ወደ ተራራው ከሚመለሱት ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ወጣ። ሲሄድ ያበጠውን ዓይኔን በአውራ ጣቱ ዳሰሰኝ። ምን እንዳለኝ ላስታውስ ብዙ ሞክሬያለሁ። አንድ ነገር ብሎኛል። ጠፋኝ።

ጣሊያን ሊወጣ የቀረው ጊዜ ጥቂት ሲሆን፣ አንድ እንግዳ ሰው ጓሯችን ገብቶ እናቴን ለብቻ ጠራት። አጎቴ በሶዶ በኩል በውጊያ ወድቋል። የቀበሩትም እዚያው ነው። ጮኻ እንዳታለቅስ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፤ ጎረቤቱ ከተሰበሰበ ምሽጉ «የማን ለቅሶ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ እናቴ የእንሰት ፋቂ ይዛ እንደወትሮዋ ተቀመጠችና ስትፍቅ ዋለች። እንባዋ በእንሰቱ ላይ ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የላትም። እኔም አጠገቧ ሆኜ እፍቃለሁ።

ጣሊያን ሲወጣ ያገለገሉት ሰዎች ይያዙ ጀመር። ያ አስተርጓሚ ወደ ወልቂጤ ተዛውሮ ኖሮ እዚያው ተይዞ ታስሯል፣ ሰዉም ይገደልልን እያለ ነው የሚል ወሬ ገበያ ላይ ደረሰን። እናቴ በማግሥቱ ስንቅ ቋጥራ አስነሣችኝ። ሲነጋ ወጥተን ወደ ጉመር ደጋ ተያያዝነው። አረቅጥ ላይ ጉሙ ሰውን ከሰው ይጋርዳል፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከፊታችን ሰው በመጣ ቁጥር የታጠቀ ይሁን ያልታጠቀ እስክናውቅ እስትንፋሴን እይዝ ነበር። ጠላት ሄዷል ይባላል፤ ፍርሃቱ ግን ከኔ ጋር ቀርቷል።

ወልቂጤ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ከአዲሱ ሹም ጋር ዝግባ ሥር ተቀምጠዋል። አስተርጓሚው ወንድሟን እንዴት እንዳዳነ እናቴ በአማርኛ መናገር አትችልም። ስለዚህ እሷ በጉራጊኛ ትናገራለች፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሹሙ የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ ሰው ነበር።

«እንግሊዝኛ ተናገረ ስትል በምን አወቀችው?» አለኝ።

«እሷ አላወቀችም። እኔ ነኝ ያወቅሁት» አልኩና ያን ቃል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩት። ከሽማግሌዎቹ ጀርባ የቆመ ሰው ግን፣ «የኔን ልጅ ያስወሰደውም ይሄው አፍ ነው» አለ። እኔም እናቴ እንድትሰማው ያንን መልሼ ነገርኳት። እናቴ ሰውየውን አየችው፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች።

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ እዚያ እንዳይገደል፣ አዲስ አበባ ተወስዶ እንዲፈረድበት ተወሰነ።

ከመወሰዱ በፊት እናቴ ያመጣችውን ቆጮና አይብ እንድትሰጠው ፈቀዱላት። ነጩ ኮት የለም፤ ጢሙ አድጓል፤ እጆቹ በጠፍር ታስረዋል። አየኝና ዓይኖቼ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እመት፣ ያ ጓደኛዬ ደህና ነው?» አላት።

ይህችን ያህል አማርኛ እናቴ ታውቃለች። ግን ወደ እኔ ዞራ በጉራጊኛ «ወድቋል» አለችኝ። ሰማኋት። እውነቱን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን። እሷም እያየችኝ ጠበቀች።

«ደህና ነው» አልኩት። «አግብቷል። ወንድ ልጅ ወልዷል።»

ሰውየው ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ። «ጎሽ፣ ጎሽ» አለ። እጁ ስለታሰረ እናቴ ቆጮውን እየቆረሰች አጎረሰችው፤ እየሳቀ በላ። ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ምን እንደተፈረደበትም አልሰማንም።

ስንመለስ እናቴ አረቅጥን አልፈን ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል፣ ጉሙ ተገልጦ ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት፣ ሸክሟን አወረደችና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በአካባቢው ቤት አልነበረም፣ ሰውም አልነበረም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ የወንድሟን ስም፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ጠራችው። ደረቷን እየመታች ደግማ ጠራችው። እኔም ሸክሜን አውርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ ተቀባይ በሌለበት፣ ለቅሶውን ተቀበልኳት።